ዋጋው አልጨመረም፣ መደቡ ግን አነሰ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። እንጀራ ጋግሬ በመሸጥ የምተዳደር የሽሮ ሜዳ ነዋሪ ነኝ። ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም። ስለ ኑሮ ውድነት የምታወጡትን ግን ልጄ ይዞልኝ ሲመጣ አነባለሁ። አሁን ብዕር ያስነሣኝ የሰሞኑ ወሬ ነው።

ኅዳር 5 ቀን ጂንካ ላይ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ ተነገረ። በማግስቱ ቅዳሜ ገና ምጣዴን ሳልጥድ ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። «ጤፍ ብንገዛ አይሻልም? እንደዚያን ጊዜ እንዳንሆን» አለችኝ። ስለ በሽታው አንድ ቃል አላነሣችም። ያስፈራት ጤፉ ነው።

ከሰዓት እናቴ ጉልት ሄድኩ። እናቴ 72 ዓመቷ ነው፤ አሁንም ሽንኩርትና ቲማቲም ትቸረችራለች። ሁልጊዜ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት የምትገዛት ደንበኛዋ የዚያን ቀን ግማሽ ኪሎ ጠይቃታለች። ጂንካ ከእኛ የት እና የት ነው! ግን ሰው ኮሮና የገባበትን 2012ን አልረሳም። እኔም አልረሳሁም። ገበያ የሚያስተዳድሩት ሰዎችም እንዳይረሱ ብዬ ነው የምጽፈው።

የምጽፈው ወሬ አይደለም፤ ደብተር አለኝ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ የገዛችበትንና የሸጠችበትን ማታ ማታ እኔ እጽፍላታለሁ። ከጎኑ የራሴን የጤፍ ግዢ አስቀምጣለሁ። የ2012 ደብተር ባለ 50 ቅጠል ነው፤ ሽፋኑ ሊጥ ነክቶት ደርቋል። ሰሞኑን አውጥቼ ሳገላብጠው ያኔ ያላስተዋልኩት ብዙ ነገር ታየኝ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 አርብ ነበር። ዐቢይ ጾም ነው። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ የተነገረው የዚያን ዕለት ነው። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ጉልት ላይ ሦስት ኪሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት ዝንጅብልና አንድ ፌስታል ሎሚ ነበራት። ቀትር ሳይሆን ሁሉም አለቀ። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ዝንጅብልና ፌጦ በሽታውን ይከላከላል ተብሎ ከቤት ቤት ተወርቷል። እናቴ ደስ ብሏት ገባች። «ዛሬስ እግዜር ባረከኝ» አለች። ሰኞ ማለዳ አትክልት ተራ ስትወርድ ነጭ ሽንኩርቱ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ጠበቃት። በሦስቱ ኪሎ ሽያጭ አንድ ኪሎ ከምናምን ብቻ ገዝታ ተመለሰች። የዚያን ቀን ደብተሩ ላይ ያሰፈርኩት የራሷን ቃል ነው፦ «ያተረፍኩ መስሎኝ፤ ለካ ከስሬያለሁ።»

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ዋጋ ሲንር ሰው ሁሉ ቸርቻሪው ከበረ ይላል። መጋዘን ያለው ይከብር ይሆናል። የጉልት ሴት ግን መጋዘኗ አንድ ዘንቢል ነው። በድሮ ዋጋ ትሸጣለች፣ በአዲስ ዋጋ ትገዛለች። በየቀኑ ይህን ስታደርግ ገንዘቧ ያልቃል። የእናቴ መነገጃ በሦስት ሳምንት ውስጥ ግማሽ ሆነ። ያኔ ያለአግባብ ዋጋ ጨመሩ የተባሉ ብዙ ሱቆች ታሸጉ። አንዳንዱ በእርግጥ ደብቋል፤ መታሸጉ ትክክል ነበር። ነገር ግን የጉልት ሴቶችም አብረው ፈሩ። በተወደደ ዋጋ የገዙትን በተወደደ ዋጋ መሸጥ ወንጀል መሰላቸው። እናቴ ለአሥር ቀን ያህል ነጭ ሽንኩርት መያዝ አቆመች። ሌሎቹም እንደዚያው። ሰፈር ውስጥ ሲጠፋ ደግሞ የቀረው ይብሱን ተወደደ።

በዚያው ሳምንት ቲማቲም ረከሰ። በጾም ወቅት፣ አትክልት በሚፈለግበት ጊዜ! «ጥሬ ነገር አትብሉ፣ በሽታውን ይዞ ይመጣል» ተባለ። ሰላጣ የሚነካው ጠፋ። የአክስቴ ልጅ መቂ ላይ መሬት ተከራይቶ በመስኖ ቲማቲም ያለማል። ስልክ ደወለልኝ። ድምፁ የታመመ ሰው ይመስል ነበር። ነጋዴው ቀርቶበታል። ሾፌሮች ወደ ከተማ መመላለሱን ፈርተዋል። ለቀማ የሚሠሩት ልጆች ወደየአገራቸው ገብተዋል። የመጣው ደላላ የሰጠው የሳጥን ዋጋ የለቃሚና የጫኝ እንኳ አይሸፍንም። «ግማሹን ማሳ ላይ ተውኩት፣ ላም እየበላው ነው» አለኝ። ወር ሳይሞላ ታዲያ እኛ ሰፈር ቲማቲም ተወደደ። ምን ይገርማል? እሱና መሰሎቹ የተዉት ነው የጎደለው። መቂ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንዱ ጫፍ ላም የበላው፣ በሌላው ጫፍ እናት ለልጇ አንድ ፍሬ ቆጥራ የገዛችው ያው ቲማቲም ነው።

አሁን ወደ ጤፍ ልምጣ። ዋናው እሱ ነው።

ጤፍ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። መጋቢት ላይ ስለዚህ ጎተራ ባዶ አይሆንም። ገበሬው ጋም፣ እህል በረንዳም፣ የሰፈር ወፍጮ ቤትም እህል አለ። በደህናው ዘመን መወደድ የሚጀምረው ክረምት ሲገባ ነው። በ2012 ግን በአንድ ሳምንት ወፍጮ ቤቱ በሰው ተጨናነቀ። ሁለት ሦስት ኩንታል በአንዴ የሚያስጭን ሰው አየሁ። አንዱ ሰውዬ አራት ኩንታል መኪናው ላይ ሲያስጭን ከኋላው አምስት ኪሎ ልትገዛ የቆመች የቀን ሠራተኛ ነበረች። የእሷ ተራ ሲደርስ ነጩ አልቋል። ሰርገኛውም በአንድ ቀን ጨምሯል። ሰውዬውን አልፈርድበትም፤ ለልጆቹ ፈርቶ ነው። ግን የእሱ ፍርሃት የተከፈለው ከእሷ ኪስ ነው። ዘጠኝ ወር የሚበላውን በአንድ ቀን መግዛት የሚችል ሰው ሲፈራ፣ በኪሎ የሚገዛ ሰው ይራባል። ደብተሬ ላይ ኩንታሉን 3,800 ብር የገዛሁት ነጭ ጤፍ በሁለት ሳምንት 4,600 ሆኖ ተጽፏል። በኋላ ትንሽ ረገብ ብሏል። ወደ 3,800 ግን አልተመለሰም።

የእኔ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነበር። ጤፉ ሲወደድ የእንጀራዬ ፈላጊ ጠፋ። ትምህርት ቤቶች መጋቢት 7 ተዘጉ። ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተላኩ። እኔ ስድስት ኪሎ አካባቢ ላሉ ሁለት ምግብ ቤቶች በቀን 120 እንጀራ አስረክብ ነበር። ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ «ለጊዜው አቁሚ» አሉኝ። አብሲት የጣልኩበት ሊጥ ቡሃቃ ሙሉ እየፈላ ነው። የዚያን ቀን ሌሊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሊጥ አይጠብቅም። ቢጋገር ገዢ የለም፤ ቢደፋ ደግሞ እህል ነው፣ ነውር ነው። ጋግሬ ለጎረቤት አከፋፈልኩ። በማግስቱ የተረፈውን አድርቄ ድርቆሽ አደረግኩት።

ቀስ በቀስ በቤት በቤት የሚወስዱ ደንበኞች አገኘሁ። ስድስት ብር ነበር የምሸጠው። ሰባት ብር ስል ግማሾቹ ቀሩ። ያን ጊዜ ጤፉ ላይ ሩዝ መቀላቀል ጀመርኩ። ከአራት እጅ አንዱን። ለደንበኞቼ በግልጽ ነገርኳቸው። ሩዝ የገባበት እንጀራ ትኩሱን ያምራል፣ ዓይን ያወጣል። ሲያድር ግን ይሰባበራል፤ ወጥ አይዝም። ድሮ አንድ እንጀራ የሚበቃው ልጅ በዚህ አይጠግብም። ሦስት ወር እንዲህ ሠራሁ። አሁን ሳስበው ያ እንጀራ ስድስት ብር ቢባልም ዋጋው ጨምሯል። የጨመረው ሆድ ውስጥ ነው እንጂ ወረቀት ላይ አይታይም።

ከሁሉ በላይ መናገር የምፈልገው ይህን ነው። በጉልት ገበያ ዋጋ የሚጨምረው በብር ብቻ አይደለም። እናቴ ቀይ ሽንኩርት በመደብ፣ ማለትም ሳትመዝን በትንንሹ ከምራ፣ ትሸጣለች። በ2012 አንድ መደብ አሥር ብር ነበር። የካቲት ላይም አሥር ብር ነበር፤ ሰኔ ላይም አሥር ብር ነበር። ደብተሩን ብቻ ያየ ሰው «ሽንኩርት አልጨመረም» ይላል። እኔ ግን ሁለቱንም መዝኜ ነበር። ለራሴ ሒሳብ ስል በኩሽና ሚዛኔ የካቲት ላይ የመዘንኩት መደብ 600 ግራም ነበር። ሰኔ ላይ 400 ግራም ሆነ። በኪሎ ሲሰላ ከ17 ብር ገደማ ወደ 25 ብር መጣ ማለት ነው። እናቴን ለምን ዋጋውን አትጨምሪም አልኳት። «ሰው አሥር ብር በእጁ ጨብጦ ነው የሚመጣው» አለችኝ። «አሥራ አምስት ካልኩት ጥሎኝ ይሄዳል፣ ልጆቹም ያለ ወጥ ያድራሉ። ሁለት ራስ ባነሣበት ግን ይዞ ይገባል።»

ይህ ማታለል እንዳይመስላችሁ። መደቡ ፊት ለፊት የተዘረጋ ነው፤ ገዢው ያየዋል፣ እናቴም ታየዋለች። ሁለቱም ዝም ይላሉ። ደሃ ከደሃ ጋር እንዲህ ነው የሚተሳሰበው። ዱቤውም እንደዚሁ ነበር። ሥራ የቆመባቸው የቀን ሠራተኞችና አስተናጋጆች «ሲገኝ እከፍላለሁ» እያሉ ወሰዱ። እናቴ የማን ምን ያህል እንደሆነ በቃሏ ትይዛለች። ግንቦት ላይ አስቆጥሬ ስጽፈው ከ2,000 ብር በላይ ዱቤ ነበራት። ያኔ ይህ ለእሷ ትልቅ ገንዘብ ነው። አብዛኛው በኋላ ተከፍሏል። ያልከፈሉት ሰፈሩን ለቀው የሄዱ ናቸው። እነሱንም አትወቅሳቸውም።

መጋቢት 30 ቀን ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ለጤና ሲባል መሰብሰብ ተከለከለ፤ ከአራት ሰው በላይ አንድ ላይ መሆን አይቻልም ነበር። ለጤናው ተገቢ ነው፤ እኔ በዚህ ቅር አላለኝም። አዋጁ የቤት ኪራይ እንዳይጨመርና ተከራይ እንዳይባረር መከልከሉንም በምስጋና አነሣዋለሁ፤ ብዙ ጎረቤቶቼን ጣራ ሥር ያቆየ እሱ ነው። ነገር ግን ማንም ያላሰበው አንድ ነገር አብሮ ቆመ። እቁብ።

የእናቴ እቁብ 15 የጉልት ሴቶች ያሉበት ነበር። በየቀኑ 50 ብር ይጥላሉ። ዕጣ የወጣላት 750 ብር ታገኛለች። ያኔ በዚያ ብር አንድ ጆንያ ሽንኩርት ይገዛ ነበር። ጆንያ የገዛች ሴት በጅምላ ዋጋ ገዛች ማለት ነው። እቁቡ ሲቋረጥ ጆንያ መግዛት ቀረ። ከመሀል ያለች ሌላ ነጋዴ ዘንድ ሄዳ አሥር ኪሎ አሥር ኪሎ መግዛት ጀመረች፤ በእያንዳንዱ ኪሎ ላይ ሁለት ሦስት ብር ተጨመረባት። ከዚያ መደቡ አነሰ። እዩት እንግዲህ፤ የሽንኩርት ምርት ሳይቀንስ፣ ነዳጅ ሳይጨምር፣ አሥራ አምስት ሴቶች መገናኘት ስላልቻሉ ብቻ የሽሮ ሜዳ ሽንኩርት ተወደደ። ገና ያልደረሳቸው ሴቶች ከደረሳቸው ጋር ተጣሉ። የእቁቡ ዳኛ የነበሩት እናት በዚህ ነገር ብዙ ተጎድተዋል። ብዙ ዓመት የቆየ መተማመን ነበር።

ታክሲው ደግሞ ግማሽ ሰው በእጥፍ ዋጋ እንዲጭን ተደረገ። ለእናቴ የደርሶ መልሱ ወጪ ለአሥር ኪሎም ለጆንያም ያው ነው። ለአሥር ኪሎ ሲካፈል ግን ምን ያህል እንደሚከብድ ማንም ያሰላዋል።

በዚያው ሰሞን አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነሥቶ ጃን ሜዳ ገባ። እውነቱን ልናገር፤ ለእኛ ለሽሮ ሜዳዎች ጃን ሜዳ ይቀርባል። በእግር ወርዶ መመለስ ይቻላል። ሜዳው ሰፊ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ እናቴ «ቢያንስ አየር አለ» ብላ ነበር። ፒያሳ ላይ ትከሻ ለትከሻ ነበር የሚገፋፋው። ክረምቱ ሲገባ ግን ሜዳው ጭቃ ሆነ። ጭቃ ስል የተለመደውን ጭቃ እንዳይመስላችሁ። ጆንያ ሲወርድ ግማሹ ይሰምጣል። የበሰበሰ ጎመን ከአፈሩ ጋር ተቦክቶ ሽታው እስከ ስድስት ኪሎ ይመጣ ነበር። እናቴ ቦት ጫማ አልነበራትም፤ እግሯን በፌስታል ጠቅልላ ነው የገባችው። ከሥር ያለው ድንች በሁለት ቀን ይሻግታል። ከአንድ ጆንያ አምስት ስድስት ኪሎ የሚጣል ነበር፤ የእሱ ዋጋ የሚጨመረው በቀረው ላይ ነው። ተሸካሚዎቹ በዚያ ጭቃ ጆንያ ተሸክመው ሲወድቁ እያየሁ «ከፍያለሁ» ብሎ መከራከር ይከብደኝ ነበር። የጠየቁትን እንከፍላለን። እሱም ዋጋው ላይ ይገባል።

በሰኔ መጨረሻ ደግሞ በአገሩ ሁከት መንገድ ተዘግቶ አትክልት ለቀናት አልገባም። አንበጣም ነበር። በ2013 ጦርነቱ መጣ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የተጨመረውን ሁሉ በኮሮና ላይ አላላክክም። አሁን ለጤፍ የምከፍለውን ከ2012ቱ ጋር ሳስተያይ ኮሮናው ትንሹ ነው። ግን ስለ ሌላው ሁሉ በሚነገርበት አገር ያ የመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ ታልፏል።

ከ2013 ጥምቀት በፊት ገበያው ከጃን ሜዳ ተነሣ። ታቦታቱ የሚያድሩበት ሜዳ ነውና መነሣቱ ደስ አሰኝቶናል። ወጣቶች ወጥተው ሲያጸዱ ልጄም አብሮ ነበር። ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ከሽሮ ሜዳ ኃይሌ ጋርመንት ማለት ከከተማው አንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ማለት ነው። ሦስት ታክሲ ነው፤ ጠዋት ቢሄዱ ቀትር ላይ ነው የሚመለሱት። እናቴ ሁለት ጊዜ ሄደች። ሁለተኛው ቀን ስትመለስ ጉልበቷ አብጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልሄደችም። አሁን ዳማስ የምትባለውን ትንሽ መኪና ይዞ ሰፈር ለሰፈር ከሚያከፋፍል ልጅ ትገዛለች። ልጁ ጨዋ ነው፣ የነዳጁንና የድካሙን ይጨምራል። ወረርሽኙ ሄደ፤ ርቀቱ ግን እኛ ዘንድ ቀረ። ለጊዜው ተብሎ የተነሣ ገበያ ወደ ቦታው አልተመለሰም። አዲሱ ቦታ ሰፊ እንደሆነ፣ ለመኪናም እንደሚመች እሰማለሁ። በደቡብ በኩል ላሉት ቀርቧቸዋል፤ እሰየው። በሰሜን ላለነው ግን በእያንዳንዱ መደብ ላይ የዳማሱ ነዳጅ አለበት።

ያን ጊዜ የተደረገ ደግ ነገር አልረሳም። ማዕድ እንጋራ ተብሎ ለፋሲካና ለረመዳን በየሰፈሩ ዘይት፣ ዱቄትና ማካሮኒ ተሰብስቧል። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሳንሄድ፣ በቴሌቪዥን አስቀድሰን ፈሰክን። በግቢያችን አምስት አባወራ ነን። ሁለቱ ዶሮ መግዛት አልቻሉም። ሽንኩርቱን እናቴ ቻለች፣ እንጀራውን እኔ፣ ዶሮውን አከራያችን። በር በሩ ላይ ሳህን እያስቀመጥን ተካፈልን። ሕፃናቱ የሚያስታውሱት ይህንን ነው፤ ደስ ይለኛል።

ኅዳር 12 ቀን እንደ ልማዳችን ቆሻሻ አቃጠልን። ኅዳር ሲታጠን የሚባለው በ1911 ዓ.ም. ስለገባው ወረርሽኝ እንደሆነ የሰፈሩ ልጆች አያውቁም ነበር፤ ነገርኳቸው። አያቴ ከእናቷ የሰማችውን ታወራልን ነበር። ኅዳር የአጨዳ ወር ነው፤ የታመመ ሰው ማጭድ አይይዝም፤ ማሳ ላይ ረግፎ የቀረ እህል ነበር ትል ነበር። መቶ ዓመት አልፎትም ጭሱን እናስታውሳለን። ስለ እህሉ የተጻፈ ነገር ግን እኔ አይቼ አላውቅም። የ2012ም እንዲሁ እንዳይቀር ነው የምሰጋው። ስንት ሰው እንደታመመ፣ ስንት እንደሞተ ተመዝግቧል፤ ነፍሳቸውን ይማር። መደቡ በስንት ግራም እንደቀነሰ የሚያውቅ አለ?

ስለዚህ የሚመለከታቸው ሰዎች ይህን ጋዜጣ ካነበቡ የምለምናቸው አለ። ዋጋ የሚመዘግብ ሠራተኛ ጉልት ሲመጣ ሚዛን ይዞ ይምጣ። «ስንት ነው» ብሎ ጽፎ አይሂድ፤ መደቡን ያንሣና ይመዝን። እንጀራውንም እንደዚያው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ይጠይቅ። እኔን ቢጠይቀኝ አልደብቅም ነበር። አንድም ቀን ግን የጠየቀኝ የለም። እናቴም በዚህ ሁሉ ዓመት ዋጋ የሚጠይቅ እንጂ የሚመዝን አላየችም።

ሌላ ጊዜ በሽታ መጥቶ ገበያ ይበተን ከተባለ ደግሞ ሁሉንም ወደ አንድ ትልቅ ሜዳ አይሰብስቡት። በየክፍለ ከተማው ያሉት የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ግቢ ነበራቸው። ሰፊ ናቸው፣ አጥር አላቸው፣ ውኃ አላቸው፣ ብዙዎቹ ጭቃም አይደሉም። መኪናው አምስትና ስድስት ቦታ ላይ ቢያራግፍ የእኔ እናት በእግሯ ሄዳ ትገዛ ነበር። አሁን የእሁድ ገበያ በየሰፈሩ ይቆማል፤ ስለዚህ እንደሚቻል ታይቷል። የሚያሳዝነው የእሁድ ገበያው መጣ ሲባል የጉልት ሴቶች ከጥጉ መገፋታቸው ነው። ሰው እሁድ የገዛው ሽንኩርት ረቡዕ ሲያልቅበት ወዴት ይሂድ? አሥር ብር ይዞ ኪሎ ለሚሸጥ ሰው ምን ይበለው?

እቁቡንም አስቡት። በስልክ ገንዘብ መላክ ያኔ ለእናቶቻችን ሩቅ ነበር፤ አሁን ቴሌብር የሚያውቁ ልጆች በየቤቱ አሉ። ልጄ የእናቴን እቁብ አሁን በስልክ ነው የሚሰበስበው። አሁን ያሉት ሴቶች አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። ወረዳዎች ይህን ቀድመው ቢያስተምሩ፣ መሰብሰብ ቢከለከል እንኳ ጆንያው አይቀርም። መቂ ላይ ላም የበላው ቲማቲም ጉዳይ ግን ከእኔ አቅም በላይ ነው። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መኪናና ስልክ አላቸው። ነጋዴው የፈራ ሳምንት እነሱ ይሂዱ። ሁለት ሳምንት ብቻ ቢሄዱ የአክስቴ ልጅ ዕዳ ውስጥ ባልገባ ነበር። እስከ ዛሬ እየከፈለ ነው።

ለጎረቤቴ የዚያን ቅዳሜ የመለስኩላትን ልንገራችሁ። «ከሚያስፈልግሽ በላይ አትግዢ፤ አምስት ኪሎ የምትገዛው ሴት ከኋላሽ ቆማለች» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ 25 ኪሎ ገዛች፤ ወትሮም የምትገዛው እሱን ነው። ነጭ ሽንኩርት የጠየቀችውን ደንበኛ ደግሞ እናቴ «ልጄ፣ ለዛሬ ሁለት ራስ ይበቃሻል፣ ነገም እዚሁ ነኝ» ብላ ሸኘቻት።

ደብተሩ አሁንም እጄ ላይ ነው። ከየካቲት 2012 እስከ ነሐሴ 2013 ያለው አንድም ቀን አልተዘለለም፤ እናቴ ከታመመችበት አሥራ አንድ ቀን በስተቀር። ሊያየው የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ወይም ተማሪ ካለ በናንተ በኩል ይጠይቀኝ። ሊጡ የነካውን ገጽ ጠርጌ አመጣዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እንጀራ ጋጋሪ
ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.